ዋስ ጥራ ቢሉኝ

አንባቢ ሆይ፤ በዚህች መጽሔት ገጾች ስለ ፍቅር፣ ስለ ሞትና ስለ ትዝታ ሲጻፍ ቆይቷል። እኔ ግን ስለ አንዲት ላፕቶፕ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። «ምነው፣ ጉዳይ ጠፋ እንዴ?» የሚለኝ ቢኖር አልቀየመውም። ራሴም ብዕሬን ሁለት ሦስት ጊዜ አንሥቼ አስቀምጫለሁ። ዳሩ ግን ነገሩ የላፕቶፕ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይኸን ያህል ባልከነከነኝ ነበር። የሰውም ጉዳይ አለበት። የእኔም ጉድ አለበት።

አገሬ ኦጎልቾ ነው። አሰላ ላይ «ኦጎልቾ» ስል የግብርና ተማሪዎቹ ስንዴ ይመስላቸዋል፤ አይፈረድባቸውም፣ ከቁሉምሳ የምርምር ማዕከል በ2004 ዓ.ም. የወጣ የዳቦ ስንዴ ዝርያ በዚሁ ስም ይጠራልና። እኔ የምለው ግን ከተማዋን ነው፤ የዝዋይ ዱግዳን ወረዳ ከተማ። ከአሰላ ብርድ ተነሥቶ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ጃኬቱን መንገድ ላይ አውልቆ ኦጎልቾ በሸሚዝ ይደርሳል። ከታር ወንዝም በዚያው ቆላ አልፎ ሐይቁ ይገባል። ገበሬው ከወንዙም ከሐይቁም ውሃ በሞተር እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። እንግዲህ ሞተር ባለበት ብልሽት አለ፤ ብልሽት ባለበትም ካቻቢቴ የያዘ ሰው አለ። ሽንኩርት ውሃ ሲጠማው «ሞተሩ ለጥገና አዲስ አበባ ሄዷልና ሦስት ሳምንት ታገሠኝ» ቢሉት አይሰማም። ስለዚህ በእኛ አገር ሞተር ሲቆም «የዋስትና ወረቀቱ የት አለ?» ብሎ የጠየቀ ገበሬ አላየሁም። የሚጠየቀው «ልጁ የት ነው?» ተብሎ ነው።

ላፕቶፗንም የገዛት ያው ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት ዋጋ ያወጣ ጊዜ አባቴ 48,000 ብር ቆጥሮ ሰጠኝና «ኢልመ ኮ፣ ይኸ ለሁለተኛ ሞተር ያስቀመጥኩት ነበር፤ እንግዲህ ሞተሬ አንተ ነህ» አለኝ። እንዲህ ያለ ቃል ተሸክሞ ገበያ መውጣት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

አዲስ አበባ ስሙን ከማልጠራው አንድ ሱቅ ገዛኋት። ከደረሰኙ ጋር የ1 ዓመት ዋስትና የሚል አንድ ወረቀት ሰጡኝ። በላፕቶፗ ሆድ በኩል ካሉት ብሎኖች በአንደኛው ላይ ደግሞ የጥፍር ያህል ነጭ ወረቀት ተለጥፎበታል። ሻጩ ልጅ በጣቱ እያሳየኝ «ወንድሜ፣ ይቺ እንዳትቀደድ» አለኝ። እሺ ብዬ ትልቁን ወረቀት አጣጥፌ የቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። አላነበብኩትም። «እኔ ግን አነባለሁ» የሚል ተማሪ በመካከላችን ካለ እጁን ያውጣ።

ነገሩ የሆነው በመመረቂያ ጽሑፌ ሰሞን ነው። ለቅዳሜና እሑድ ኦጎልቾ ወርጄ ነበር። ማታ መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመለስ ላፕቶፗ አልመለስ አለች። ቻርጀሩን ስሰካው አንድ ጊዜ ብልጭ ትልና ድርግም። ሆዷ ውስጥ 62 ገጽ ጽሑፍ አለ፤ በፍላሽ የያዝኩት ግን የመጀመሪያዎቹን 20 ገጾች ብቻ ነው። ለአማካሪዬ የማስረክብበት ቀን ሊደርስ ስድስት ቀን ቀርቶታል።

ዋስትናዬን ተማምኜ ለሱቁ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ በትሕትና «ይዘሃት ና፤ ከ15 እስከ 21 የሥራ ቀን ይፈጃል» አለችኝ። «ጽሑፌስ?» ስላት «ውስጧ ላለው ነገር ኃላፊነት አንወስድም» አለችኝ፤ እርሱንም በትሕትና። መንገዱን በልቤ ቆጠርኩት። ከኦጎልቾ አሰላ፣ ከአሰላ አዳማ፣ ከአዳማ አዲስ አበባ። አሰላ ራሷ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። እርሱንም አንዴ ለመስጠት፣ አንዴ ለመቀበል፣ ደርሶ መልስ ሁለት ጊዜ። ያን ጊዜ ዋስትና ያለኝ እኔ፣ ዋስትና ከሌለው ባለ ሞተር በምን እንደምሻል ጠፋኝ።

የሰፈራችን ጠጋኝ ከወፍጮ ቤቱ ጎን አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለችው። ሬዲዮ፣ ሪሲቨር፣ ሞባይል፣ አንዳንዴም የውሃ ሞተር ማስነሻ ይሠራል። ከእኔ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። አባቱ ሲሞቱ ከአሥረኛ ክፍል ወጥቶ አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ገባ። ምናለሽ ተራ ሌላው የጣለው ዕቃ እንደገና ዕቃ የሚሆንበት ቦታ ነው፤ እርሱም ሙያውን የለመደው እዚያ እየተላከ፣ እያየና እየነካካ ነው። ግድግዳው ላይ የምስክር ወረቀት የለም። በዚያ ፈንታ የተሠሩ ስልኮች በየባለቤታቸው ስም ተጽፎባቸው በሚስማር ተሰቅለዋል።

ላፕቶፗን ገልብጦ አያትና ከሁሉ በፊት «ዋስትና አላት?» አለኝ።

«አላት፤ አራት ወር ይቀራታል።»

«እንግዲያው ስማኝ። ይቺን ወረቀት ሳልቀድ ብሎኑን መፍታት አልችልም። ከቀደድኳት ደግሞ የሸጡልህ ሰዎች አያውቁህም። ሂድና ሻይ ጠጥተህ፣ አስበህ ና።»

ሻይ አልጠጣሁም። «ቅደዳት» አልኩት። ይኸን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

«መጀመሪያ ነፍሷን እናትርፍ» አለና ዲስኳን አውጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ አስነሣት፤ 62ቱንም ገጽ ፍላሼ ላይ ገለበጠልኝ። ላቤን የጠረግሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ቴስተሩን ይዞ ፈለገ። ቻርጀሩ የሚገባበት ቀዳዳ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘበት ብየዳ እንደ ፀጉር ተሰንጥቆ ኖሯል፤ ሽቦው በነካ ቁጥር ሲነቃነቅ የከረመ ነው። አሮጌውን ብየዳ በካውያ አንሥቶ በአዲስ በየደው። ሁሉም ነገር 40 ደቂቃ ፈጀ። ዋጋው 400 ብር። ስወጣ «መብራት ሲሄድ ንቀላት፤ ሲመጣም አምስት ደቂቃ ሳትጠብቅ እንዳትሰካት፤ እንደመጣ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል» ብሎ መከረኝ። ጽሑፌን በቀኑ አስረከብኩ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጠጋኙን አመስግኜ፣ ሱቁን ወቅሼ አርፌ ነበር። ግን ሁለት ወር ቆይቶ የላፕቶፗ ስክሪን መስመር መስመር ማውጣት ጀመረ፤ በሳምንቱ ግማሹ ጠቆረ። አልወደቀችም፤ ውሃም አልነካትም። ከዋስትናው ገና ሁለት ወር ይቀራል። ዶርም ውስጥ ወሬው ሲሰማ ሁሉም ጠበቃ ሆነ። አንዱ «ያቺን የመሰለች ወረቀት አዲስ አበባ ይሸጣል፤ ገዝተህ ለጥፍባት» አለኝ። ሌላው «ስትሸጡልኝም እንዲሁ ነበረች በላቸው» አለኝ። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የዋስትናውን ወረቀት ዘርግቼ አነበብኩት። በደቃቅ እንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ዋስትናው ከወደቀች አይሠራም፤ ፈሳሽ ከነካት አይሠራም፤ በኤሌክትሪክ መዋዠቅ ከተበላሸች አይሠራም፤ ያልተፈቀደለት ሰው ከከፈታት አይሠራም። ለመሆኑ በእኛ አገር ላፕቶፕ ከነዚህ ሌላ በምን ትታመማለች?

የሕግ ተማሪ የሆነ ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ። እርሱም ጨዋታውን ሰፋ አደረገው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ኃላፊ ነው ይላል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ፣ የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል፤ የተሻለ ዋስትና ካለው ያው እንደተጠበቀ ሆኖ። እኔ ያለሁት በአሥረኛው ወር ላይ ነውና 15 ቀኑ ድሮ አልፏል። የቀረኝ ያቺው ወረቀት ናት።

«አሜሪካኖቹ ግን» አለኝ ጓደኛዬ፣ «እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት ሕግ፣ ዋስትናው እንዲጸናልህ ከፈለግህ የእኔን ዕቃና የእኔን ጠጋኝ ብቻ ተጠቀም ብሎ ገዢን ማሰርን በመርሕ ደረጃ ከልክለዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የንግድ ኮሚሽናቸው ለስድስት ኩባንያዎች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል፤ ካስጠነቀቃቸውም ነገር አንዱ ‹ይህ ወረቀት ከተነሣ ዋስትናው ይቀራል› የሚለው ማስፈራሪያ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2024 ስለ ጥገና መብት መመሪያ አውጥቷል።» ነገሩ ሲጠቀለል ጥያቄው «ከፍተሃታል ወይ?» መሆን የለበትም ማለት ነው፤ «የከፈታት ሰው ነው ወይ ያበላሻት?» ነው መሆን ያለበት። የእኔ ጠጋኝ የነካው የቻርጀሩን በር ነው፤ የታመመው ስክሪኑ ነው።

ይኸን ሰምቼ ደረቴ ተነፋ። የሆነ ሆኖ ለሻጩም መፍረድ ደግ ነው። ላፕቶፕ ከፍቶ ደህናውን ራም በአሮጌ የሚለውጥ አለ። ባትሪ በካቻቢቴ ወግቶ ያቃጠለ አለ። አንዱን ብሎን በአንዱ ቦታ አስገብቶ ማዘርቦርድ የበሳም አለ። ሻጭ ይኸን ሁሉ ከሩቅ ሆኖ መለየት አይችልምና ያቺን የጥፍር ያህል ወረቀት ዘበኛ አድርጎ አቆማት። ዘበኛዋ ግን ሌባውን ከባለሙያው አትለይም፤ የምታውቀው በር መከፈቱን ብቻ ነው።

ሄድኩ። ሌሊት 11 ሰዓት ከአሰላ ተነሥቼ፣ ከቃሊቲ መናኸሪያ ታክሲ ይዤ ሱቁ ደረስኩ። የጥገና ክፍሉ ኃላፊ መነጽር ያደረጉ፣ ጎልመስ ያሉ ሰው ናቸው። ላፕቶፗን ገለበጧት። የተቀደደችዋን ወረቀት አዩ። ቀና ብለውም እኔን አዩኝ።

ጓደኛዬ ያስጠናኝን ሕግ ሁሉ በልቤ ይዤ ነበር። «ጋሼ፣ የተከፈተችው ለሌላ ብልሽት ነው፤ ስክሪኑን የነካው የለም» ልላቸው ተዘጋጅቼ ነበር። ሳልናገር ከፈቷት። በአጉሊ መነጽር ብየዳውን አይተው «ይኸ የእጅ ሥራ ነው» አሉ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው «የሠራው ልጅ ግን እጁ ንጹሕ ነው» አሉ። ቀጥለውም «ማን ነው የከፈታት? አንተ ነህ ያዘዝከው?» ብለው ጠየቁኝ።

ምን እንደነካኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ላውቅም ይገባኝ ነበር፤ ፈራሁ። የአባቴ ሞተር ዓይኔ ላይ መጣብኝ። «አይ ጋሼ፣ እኔ ቻርጀሩን ብቻ እንዲያይልኝ ነው የሰጠሁት። ሳይነግረኝ ነው የከፈታት» አልኩ።

ሰውየው ምንም አልመለሱም። አንድ ፎርም አወጡና ጻፉበት፤ ያልተፈቀደለት ጠጋኝ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከፍቷታል። «ቦታው የት ነው?» አሉኝ። «ኦጎልቾ» አልኩ። ጻፉት። «እዚህ ጋ ፈርም» አሉኝ። ፈረምኩ። ከዚያ ላፕቶፗን ገጥመው በሁለት እጃቸው መለሱልኝና «ፈቅደህም ሆነ ሳትፈቅድ ለእኛ ያው ነው፤ ወረቀቷ ተቀዷል። አዝናለሁ ልጄ» አሉኝ።

እንግዲህ ውሸቴ አምስት ሣንቲም እንኳ አላስገኘልኝም። በከንቱ ነው የዋሸሁት።

ወደ አሰላ በሚመልሰኝ መኪና ውስጥ «ዋስትና» የሚለውን ቃል ሳላምጥ መጣሁ። ስናድግ ዋስ ማለት ሰው ነበር። ሰው ሲታሰር «ዋስ ጥራ» ይባላል፤ ዘመድ ወይም ጎረቤት ይመጣና «ቢጠፋ እኔ አለሁ» ብሎ ይፈርማል። ዋስ የሚሆነው የሚያውቅህ ነው፤ ቤትህን፣ አባትህን፣ ጠባይህን የሚያውቅ። የእኔዋ ወረቀት ግን አገሬን አታውቅ፣ መብራቴን አታውቅ፣ የማስረከቢያ ቀኔን አታውቅ። ያን ማታ ኦጎልቾ ላይ ዋሴ ማን ነበር? ያ ጠጋኝ ነበር። እርሱ ስሙ በሌላ ሰው ፊት በተነሣ ቀን ደግሞ ዋሱ መሆን የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ሌላ ምስክር አልነበረውምና። ፈርሜ ያሳሰርኩት ያህል ቆጠርኩት።

ላፕቶፗን ይዤ ወደዚያችው የቆርቆሮ ክፍል ወረድኩ። የምሄድበት ሌላ ቦታ አልነበረኝማ።

«ምን አሉህ?» አለኝ።

«ወረቀቷ ተቀዷልና አይሆንም አሉ» አልኩ። ከዚያ የምለው ስለጠፋኝ «ሥራህን ግን አመሰገኑት፤ እጁ ንጹሕ ነው አሉ» ብዬ ጨመርኩ። ይኸ እውነት ነው፤ ግማሹ።

ፊቱ በራ። «እንዲያ አሉ? አዲስ አበባ ያሉት?» አለ። ወፍጮ ቤት በር ላይ ለተቀመጡት ሰዎች ጮክ ብሎ በኦሮምኛ ነገራቸው፤ እነርሱም ሳቁለት። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ቆምኩ።

ስክሪኑን ከአዲስ አበባ በ9,000 ብር አስመጣልኝ። ገጥሞ ሲጨርስ የእጅህን ዋጋ ንገረኝ አልኩት። «ተወው፤ ያኔ ከፍቼ ዋስትናህን ያስቀረሁብህ እኔ አይደለሁ? እኔም ድርሻ አለብኝ» አለኝ። ቅደዳት ብዬ ያዘዝኩት እኔ እንደሆንኩ የረሳ መስሎ ነው የተናገረው፤ እንዳልረሳ ግን አውቃለሁ። ከዚያ ከልጁ ደብተር ላይ አንድ ገጽ ገነጠለና «የ3 ወር ዋስትና» ብሎ ጻፈበት፤ ቀኑን፣ የስክሪኑን ቁጥር፣ የራሱን ስልክ ጨምሮ ፈረመበት። እነሆ አሁን ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ከዚያኛው ወረቀት ጋር ሁለቱም አሉ።

የዶርም ጓደኞቼ፣ ከእኔ ስሕተት የምትጠቀሙበት ካለ ልንገራችሁ። ላፕቶፕ ስትገዙ ወረቀቱን እዚያው ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ አንብቡ፤ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ የት እንደሚሠራ፣ ምን ምን እንደማይሸፍን ጠይቁ። ብዙ ዋስትና ዕቃው በተሸጠበት አገር ብቻ የሚሠራ ነውና ከውጭ በሻንጣ ለመጣ ዕቃ አምራቹ እዚህ ዋስ ላይሆናችሁ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት ሁሉን ነገር ሞክሩ፤ ስክሪን፣ ቻርጀር፣ ባትሪ፣ ድምፅ። ደረሰኝ አትጣሉ። ጽሑፋችሁን ከአንድ ቦታ በላይ አስቀምጡ፤ ዋስትና ዕቃን እንጂ ጽሑፍን አይመልስም። ዋስትናው ሳያልቅ የሰፈር ጠጋኝ ዘንድ ከሄዳችሁ ምን እንደምታጡ አውቃችሁ ሂዱ፤ ሲከፍታት አጠገቡ ተቀመጡ፤ የለወጠውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ፤ የሠራውን በጽሑፍ ያስቀምጥላችሁ። አንዳንዴ ወረቀቷን መቅደድ ትክክል ነው። እኔ ዛሬም ያ ማታ ቢመለስ «ቅደዳት» እላለሁ። ግን ቅደዳት ያልኩት እኔ ነኝ ማለትም የዚያው ዋጋ ክፍል ነው፤ ያልከፈልኩትም እርሱን ነው።

ለዚያ ሱቅ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ስክሪን ይለወጥልኝ የሚል አይደለም። በፎርማችሁ ላይ የፈረምኩት ቃል ሐሰት ነው፤ ልጁ አስቀድሞ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ የከፈታትም በእኔ ትእዛዝ ነው የሚል ነው። መልስ አልመጣልኝም፤ ላይመጣም ይችላል። ለጠጋኙ ግን ገና አልነገርኩትም። በየሳምንቱ እነግረዋለሁ እያልኩ እወርዳለሁ፤ «ያቺ ነገርህ እንዴት ሆነች?» ሲለኝ «ደህና ናት» ብዬ ሻይ ጠጥተን እመለሳለሁ።

ይቺ ቁጥር ተባዝታ ስትወጣ አንድ ቅጂ ይዤለት እወርዳለሁ። በአማርኛ ሲያነብ ዝግ ይላል። እስኪጨርስ አጠገቡ እቀመጣለሁ።